ታዳጊ አሳማ ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ ሲወጣ፦ ከመድኃኒቱ በፊት ምርመራው

ጥያቄ፦ «ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ 24 አሳማ አረባለሁ። ዕድሜያቸው ሦስት ወር ተኩል ገደማ ነው። ከሳምንት በፊት ሁለቱ ላይ ከኋላ እግራቸውና ከሆዳቸው ሥር ቀይ ነጠብጣብ ወጣ፤ በማግስቱ ወደ ሐምራዊ ተለወጠ። እግራቸው አብጧል፣ መነሣት አይፈልጉም፣ ምግብም ትተዋል። አንዱ በአራተኛው ቀን ሞተ፤ ትናንት ደግሞ ሦስተኛ ታመመ። እከክ ነው ተብሎ አይቨርሜክቲን ተወጉ፣ ኦክሲ የሚባለው አንቲባዮቲክም ተሰጣቸው፤ ለውጥ የለም። ጎረቤቴ የተቃጠለ ዘይት ቀባቸው ይለኛል። ሌላው ደግሞ የሆቴል ትርፍራፊ ጨው ኩላሊታቸውን ጎድቶት ነው አለኝ። የሞተውን ስንከፍተው ኩላሊቱ ነጥቶና አብጦ አገኘነው። መድኃኒቱ ምንድን ነው? ለሌሎቹ ይተላለፋል ወይ? ደህና የሆኑትን ቶሎ ብሸጣቸውስ?»

ምላሽ፦

ከመጨረሻው ጥያቄ እንጀምር። አይሽጡ። ጤነኛ የሚመስለውም ቢሆን አንድም አሳማ ከግቢው አይውጣ፣ አንድም አይታረድ። የገለጹት ምልክት የእንስሳት ሐኪሞች በምሕጻረ ቃል ፒዲኤንኤስ ከሚሉት የቆዳና የኩላሊት ሕመም ጋር በደንብ ይገጥማል። ችግሩ ያው ምልክት ከአፍሪካ የአሳማ ትኩሳትም ጋር መግጠሙ ነው። የመጀመሪያው አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት አሳማ ገድሎ ያልፋል። ሁለተኛው በረቱን ባዶ አድርጎ ወደ ሌላ አርቢ ይሻገራል። ሁለቱን በዓይን ብቻ አይቶ በእርግጠኝነት የሚለይ ባለሙያ የለም፤ ለይቻለሁ የሚል ቢያጋጥምዎ አይመኑት።

እከክ አይደለም። እከክ ያለበት አሳማ ሌት ተቀን ግድግዳ ላይ ይታከካል፤ ሕመሙ ከጆሮው ውስጥ ይጀምርና ቆዳው እየወፈረና እየተሰነጠቀ ለሳምንታት ይቆያል፤ አሳማው ግን ይበላል። የእርስዎዎቹ ይታከካሉ አላሉም፣ በቀናት ውስጥ ወድቀዋል፣ እግራቸውም አብጧል። ስለዚህ አይቨርሜክቲኑ ለውጥ አለማምጣቱ አያስገርምም። የተቃጠለውን የመኪና ዘይት ይተዉት። በቆዳ በኩል ገብቶ ጉበትንና ኩላሊትን የሚጎዳ ቆሻሻ ነው፤ ኩላሊቱ እየከሸፈ ባለ እንስሳ ላይ መቀባት ሞቱን ማፋጠን ነው። ለእከክም ቢሆን አይመከርም።

የፒዲኤንኤስ ሕመም ቆዳ ላይ ይታይ እንጂ መነሻው ቆዳ አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ የተገለጸው በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። የአሳማው የራሱ መከላከያ ለአንድ ተሐዋሲ ያመረተው ፀረ እንግዳ አካል ከተሐዋሲው ቅንጣት ጋር ተጣብቆ በደም ውስጥ ይዞራል። ይህ ጥምረት ከመጠን በላይ ሲበዛ በጠባብ የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ግድግዳውም ይቆጣል፣ ይሞታል፣ ደም ያፈሳል። በቆዳ ሥር ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ሲፈሱ ሐምራዊ ነጠብጣብ ሆነው ይታያሉ። ደም የሚያጣሩት የኩላሊት ጥቅሎች ሲጎዱ ደግሞ ሽንት ከደም መለየቱ ይቋረጣል፣ መርዙም በደም ውስጥ ይከማቻል። አሳማውን የሚገድለው ይህ ሁለተኛው ነው፤ ነጠብጣቡ አይገድልም። ቅባት የማይረባውም ለዚህ ነው።

ከዚህ ሕመም ጋር በብዛት የሚገኘው ተሐዋሲ ሰርኮ ቫይረስ 2 ነው። አሳማ ባለበት አገር ሁሉ የተሰራጨ ቫይረስ በመሆኑ በአንድ በረት ውስጥ ብዙዎቹ ተይዘው ጥቂቶቹ ብቻ በዚህ መልክ ይታመማሉ። ሰርኮ ቫይረስ 3 የሚባለውም እ.ኤ.አ. በ2016 ተመሳሳይ ምልክት ካሳዩ አሳማዎች ተለይቷል። «ይተላለፋል ወይ?» ላሉት መልሱ እንግዲህ ሁለት ነው። ቫይረሱ ይተላለፋል፤ ምናልባትም ቀድሞ ሁሉም ጋር ደርሷል። ሕመሙ ግን እያንዳንዱ አሳማ ሰውነት ውስጥ የሚፈጠር የመከላከያ መዛባት ስለሆነ ከታመመው ወደ ጤነኛው አይዘልም። በተለመደው ሁኔታ ከአንድ መንጋ የሚታመመው ከ100 አሳማ 1 እንኳ አይሞላም፤ አልፎ አልፎ ግን ከዚያ በብዙ የሚበልጥበት መንጋ አለ። ከ24 አሳማ ሦስት በሳምንት ውስጥ መታመሙ ስለዚህ በዚህ ሕመም ሊሆን የሚችል ቢሆንም ከተለመደው ከፍ ያለ ነው፤ ጥርጣሬዬን ወደ ሌላው ወገን የሚገፋውም ይኸው ቁጥር ነው።

አሁን ደግሞ ስለዚያ ስለሌላው ወገን። የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት ለኢትዮጵያ ሩቅ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 በአገራችን የመጀመሪያው ጥርጣሬ ሪፖርት ተደርጓል፤ ከ2011 እስከ 2014 ከተሰበሰቡ ናሙናዎችም ከዚያ በፊት ያልታወቀ ዝርያ ተገኝቶ 23ኛ ጂኖታይፕ ተብሎ ተመዝግቧል። ክትባት በእጃችን የለም፣ መድኃኒትም የለውም፣ ሰውን አይዝም። በደም፣ በሥጋ፣ በጫማ፣ በመርፌ፣ በምግብ ትርፍራፊ ይሄዳል። ወደ ዓባይ ሸለቆ ቆላ ጠጋ ያለ አርቢ ከርከሮንና መዥገርንም ሊያስብ ይገባል። ለደብረ ማርቆስና ለባሕር ዳር አርቢ ግን ዋናው በር የሆቴል ትርፍራፊና ከሌላ አካባቢ ተገዝቶ የሚመጣ ግልገል ነው።

ሁለቱ በምልክት ይመሳሰላሉ ያልኩት ለማስፈራራት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 በምሥራቅ እንግሊዝ ሌላ ገዳይ የአሳማ ትኩሳት ሲነሣ በአካባቢው ፒዲኤንኤስ የተለመደ ስለነበር ሐምራዊ ነጠብጣቡ ሲታይ «ያው የምናውቀው ነው» ተብሎ የመለየቱ ሥራ ዘግይቷል። ላቦራቶሪ እንደ ልብ በሚገኝበት አገር ይህ ከሆነ፣ የወረዳ ሐኪሞቻችን ከበሬ፣ ከበግና ከበቅሎ ውጭ አሳማ ብዙም በማያዩበት በጎጃም የበለጠ ጥንቃቄ ያሻል። (ባለሙያዎቹን ለመውቀስ አይደለም። አርቢውም «ጎረቤት ምን ይለኛል» እያለ በረቱን በአጥር ጋርዶ ስለሚይዝ ሐኪም የሚጠራው ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት ከሞቱ በኋላ ነው።)

ሦስተኛው ተጠርጣሪ ኤሪሲፔላስ ነው። ከሦስቱ መድኃኒት ያለው እሱ ብቻ በመሆኑ ሊዘለል አይገባም። በባክቴሪያ የሚመጣ ሲሆን ትኩሳቱ ከ40 እስከ 42 ዲግሪ ይደርሳል፤ በጀርባና በጎን ላይ ከቆዳው ከፍ ያለ፣ ጠርዙ የለየለት፣ ብዙ ጊዜ አራት ማዕዘን መልክ ያለው እብጠት ያወጣል። ከማየትዎ በፊት መዳፍዎን በጀርባው ላይ ሲያሳልፉ ይሰማዎታል፤ ለጥቁር አሳማ ደግሞ ያለው መንገድ ይህ ብቻ ነው። የፒዲኤንኤስ ነጠብጣብ ግን ከኋላ ይጀምራል፦ በመቀመጫው ዙሪያ፣ በጭኑ የኋላ ገጽ፣ በሆድ ሥር፣ ከዚያም ወደ ፊት እግርና ወደ ጆሮ። ቅርጹ ያልተስተካከለ ነው፤ ትንንሾቹ እየተጋጠሙ ሰፊ ሐምራዊ ጥፍጥፍ ይሆናሉ፤ ከቀናት በኋላ በጥቁር ቅርፊት ይሸፈናሉ።

በእጅዎ የሚሠሩት አንድ ቀላል ፈተና አለ። ንጹሕ ብርጭቆ ወይም አውራ ጣትዎን በነጠብጣቡ ላይ ለ5 ሰከንድ አጥብቀው ይጫኑ። ቀለሙ ጠፍቶ ሲለቁት የሚመለስ ከሆነ ደሙ ገና በደም ሥር ውስጥ ነው፤ በመጀመሪያ ቀናት ያለ ኤሪሲፔላስ እንዲህ ያደርጋል፤ በወይና ደጋ ፀሐይ የተቃጠለ ነጭ አሳማም እንዲሁ፣ የፀሐዩ ግን ከጀርባና ከጆሮ አይወርድም። ሲጫኑት ቀለሙ ከነበረበት ንቅንቅ የማይል ከሆነ ደሙ ከደም ሥር ወጥቶ ሥጋ ውስጥ ገብቷል፤ ያ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ፒዲኤንኤስ ነው ወይ የአሳማ ትኩሳት። ፈተናው ኤሪሲፔላስን ወደ ጎን ለማድረግ ያግዛል፤ ሁለቱን ግን አይለይም።

ሁለቱን በመለየት ረገድ በበረት ደረጃ ከሁሉ የሚጠቅመው ቴርሞሜትር ነው። ለሰው ተብሎ በፋርማሲ የሚሸጠው ዲጂታል ይበቃል። ጫፉን ቫዝሊን ቀብተው በፊንጢጣ በኩል ያስገቡት፣ የአንጀቱን ግድግዳ እንዲነካ በትንሹ ያዘንብሉት፣ እስኪጮህ ይጠብቁ። በእያንዳንዱ አሳማ መካከል በአልኮል ሳይሆን አስቀድሞ በሳሙና ታጥቦ ከዚያ በበረኪና ውኃ ይጠረግ፤ ሰርኮ ቫይረስ ለአልኮል ብዙም አይበገርም። መለካት ያለባቸው የታመሙት ብቻ አይደሉም፤ የቀሩትን በሙሉ፣ ጠዋት ሳይሞቅና ከመመገባቸው በፊት፣ ሁለት ቀን በተከታታይ ይለኩና ይመዝግቡ። የጤነኛ ታዳጊ አሳማ ሙቀት ከ38.7 እስከ 39.8 ዲግሪ ነው። በፒዲኤንኤስ የታመመው ራሱ ብዙ ጊዜ ከዚህ አይርቅም፤ ጥቂት ከፍ ቢል እንኳ ሕመሙ ከሚመስለው ያነሰ ትኩሳት ነው። በአሳማ ትኩሳት ግን ነጠብጣብ የሌላቸውና ገና የሚበሉት ሳይቀሩ 40.5 እና ከዚያ በላይ ያሳያሉ። እንዲህ ያለ አሳማ አንድ እንኳ ካገኙ ስለ ኩላሊት ማሰብዎን ያቁሙና ወዲያውኑ ለወረዳው እንስሳት ጤና ያሳውቁ። በተቃራኒው ግን አይዘናጉ። ለሞት የተቃረበ አሳማ ሙቀቱ ከጤነኛውም በታች ስለሚወርድ፣ ቀዝቃዛ ንባብ ብቻውን ነጻ አያወጣም።

ሁለተኛው መረጃ ዕድሜ ነው። ፒዲኤንኤስ በብዛት የሚይዘው ከአንድ ወር ተኩል እስከ አራት ወር ያሉትን ነው፤ የሚያጠቡትን ግልገሎች በተለምዶ አይነካም፣ ትልልቆቹን እምብዛም። የአሳማ ትኩሳት ዕድሜ አይመርጥም። በግቢው እናት አሳማ ካለችና እሷም ምግብ ከተወች፣ ወይም እርጉዟ ካስወረደች፣ ሚዛኑ ወደ ትኩሳቱ ያደላል።

ስለከፈቱት አሳማ ሁለት ነገር ልበል። ያዩት ኩላሊት ጠቃሚ መረጃ ነው። በፒዲኤንኤስ ሁለቱም ኩላሊቶች እኩል ያብጣሉ፣ ይነጣሉ፣ ሽፋኑ ሲገፈፍ ላይኛው ገጽ በቁንጫ ንክሻ መሰል ቀይ ነጥቦች ተሞልቶ ይታያል፤ በጭን ሥር ያሉት ንፍፊቶች ትልልቅና ቀያይ ይሆናሉ። ጣፊያው ግን ብዙውን ጊዜ በመጠኑ ነው። በአሳማ ትኩሳት በአንጻሩ ጣፊያው ከመጠኑ እጥፍ ድርብ ሊያብጥ፣ ጥቁር ሆኖ በጣት ሲጫኑት ሊፈረካከስ ይችላል፤ ንፍፊቶቹም የረጋ ደም ይመስላሉ፣ ኩላሊቱም ላይ ነጥብ ሊኖር ይችላል። እርስዎ ጣፊያውን አልጠቀሱም፤ ያስታውሱ እንደሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ። ሁለተኛው ነገር ግን ማስጠንቀቂያ ነው፦ ከእንግዲህ የሞተ አሳማ ራስዎ አይክፈቱ። የአሳማ ትኩሳት ከሆነ የፈሰሰው ደም ብቻውን መሬቱን ለረዥም ጊዜ ይበክላል፤ ኤሪሲፔላስ ከሆነ ደግሞ በእጅ ላይ ባለ ጭረት ገብቶ የሚያም ቀይ እብጠት ያደርስብዎታል። የከፈተው ሰው እጁ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ካለው ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂድ፣ አሳማ እንደነካም ይናገር።

ናሙናው ሐኪም የሚወስደው ሆኖ እርስዎ ምን መወሰድ እንዳለበት ቢያውቁ አይጎዳም፤ በግማሽ የተወሰደ ናሙና ውጤት አያመጣምና። ከታመሙት ሁለቱና ትኩሳት ያላቸው ካሉ ከእነሱ ሁለት ተጨማሪ፣ ሐምራዊ ክዳን ባለው ብልቃጥ ያልረጋ ደም፣ ቀይ ክዳን ባለው ደግሞ ለሴረም የሚሆን ደም ይወሰዳል። አዲስ የሞተ ካለ ከኩላሊት፣ ከጣፊያ፣ ከንፍፊት፣ ከቶንሲልና ነጠብጣብ ካለበት ቆዳ ቁራጭ ይወሰድና ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ክፍል በበረዶ ሣጥን እንደቀዘቀዘ ለቫይረስ ምርመራ ይሄዳል። ሌላው ከግማሽ ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ውፍረት ተቆርጦ መጠኑን 10 እጥፍ በሚሆን የ10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ይነከራል፤ ይህኛው በረዶ ውስጥ አይግባ፣ ከቀዘቀዘ ሴሉ ተሰባብሮ በማይክሮስኮፕ አይነበብም። ፒዲኤንኤስ የሚረጋገጠው በዚህ በፎርማሊን ናሙና ነው፤ የደም ሥር ግድግዳ ሞትና የኩላሊት ጥቅሎች ቁጣ ሲታይ። በደም ውስጥ ሰርኮ ቫይረስ 2 ተገኘ የሚል ወረቀት ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፣ ጤነኞቹም ላይ ይገኛልና። ናሙናው በወረዳው በኩል ወደ ባሕር ዳር የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ወይም ሰበታ ወዳለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይላካል። ከደብረ ማርቆስ ለሁለቱም በአንድ ቀን ይደረሳል፤ በፌስታል ጠቅልሎ በአውቶቡስ መላክ ግን የለም፣ በሦስት ድርብ መያዣ የታሸገ ይሁን።

ለጊዜው ሌላ ትንሽ ረዳት አለ። በፋርማሲ ለሰው ሽንት የሚሸጠው የመመርመሪያ ስትሪፕ ለአሳማም ይሠራል። አሳማው ጠዋት ተነሥቶ ሲሸና በንጹሕ ቆርቆሮ ይቀበሉና ስትሪፑን ይንከሩ። ፕሮቲኑ ከፍ ብሎ ካሳየ ኩላሊቱ መጎዳቱ ይታወቃል፤ የሐኪሙ የደም ምርመራ ላይ ክሬአቲኒንና ዩሪያ ከፍ ማለታቸው ደግሞ ያጸናዋል። ከታመሙት ሌላ ባልታመመውም ላይ ሞክረው ያነጻጽሩ።

ወደ መድኃኒቱ ስንመጣ፣ ለፒዲኤንኤስ የሚያድን መድኃኒት የለም። ቫይረሱን የሚገድል አንቲባዮቲክ የለም፤ ስቴሮይድ የሞከሩ አሉ፣ አስተማማኝ ውጤት ግን አላመጣም፣ ለተጓዳኝ በሽታም በር ይከፍታል። ከሦስት ወር በላይ የሆነ አሳማ አንዴ ክፉኛ ከታመመ የመዳን ዕድሉ በጣም አነስተኛ ነው፣ ሁሉም ሊሞቱ ይችላሉ ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ከዚያ በታች ባሉት ግማሽ ያህሉ ይተርፋሉ። የሚተርፈው ከጀመረው ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ መብላት ይጀምራል፣ ነጠብጣቡም ቀስ እያለ ይጠፋል፤ አንዳንዴ ጠባሳ ይተዋል።

ይሁን እንጂ ኤሪሲፔላስ እስኪወገድ አንድ መርፌ ተገቢ ነው፤ እሱም ፔኒሲሊን ነው። ፕሮኬይን ፔኒሲሊን በኪሎ 20,000 ዩኒት፣ በቀን አንዴ፣ ለሦስት ቀን፣ ከጆሮ ኋላ ባለው የአንገት ጡንቻ። 40 ኪሎ የሚመዝን አሳማ 800,000 ዩኒት ያስፈልገዋል፤ በ1 ሚሊ ሊትር 300,000 ዩኒት ያለበት ከሆነ ወደ 2.7 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ኤሪሲፔላስ ከሆነ በ24 እስከ 36 ሰዓት ውስጥ ተነሥቶ ሲበላ ያዩታል። ካልተነሣ ለኤሪሲፔላስ ያለው ጥርጣሬ በጣም ይቀንሳል፤ ሦስቱን ቀን ይጨርሱ፣ ከዚያ ግን መድኃኒት እየቀያየሩ አይወጉ። ለእያንዳንዱ አሳማ የራሱ መርፌ ይሁን። በአንድ መርፌ በረቱን ሙሉ መዞር የአሳማ ትኩሳትን ከአንዱ ወደ ቀሩት ሁሉ የሚያደርስ ፈጣኑ መንገድ ነው።

እዚህ ላይ ደጋግሞ የሚፈጸም ስህተት አለ። ፔኒሲሊን ሲባል በብዙ የእንስሳት መድኃኒት ቤት የሚሰጠው ፔንስትሬፕ ነው፤ እሱ ስትሬፕቶማይሲን ተደባልቆበታል። ስትሬፕቶማይሲንና ጄንታማይሲን በኩላሊት የሚወጡና ኩላሊትን የሚጎዱ ናቸው። ሰልፋ መድኃኒቶችም፣ ሕመም ይቀንስ ተብሎ የሚወጋው ዲክሎፌናክና ፍሉኒክሲንም እንዲሁ። የኦክሲው መጠን ከፍ ያለ ከሆነም ለእንዲህ ያለ ኩላሊት ሸክም ነው። ኩላሊቱ ደም ማጣራት ባቆመ እንስሳ ላይ መጠኑ በልክ የነበረው መርፌ እንኳ ሳይወጣ እየተጠራቀመ መርዝ ይሆናል። ስለዚህ ብቻውን የሆነ ፕሮኬይን ፔኒሲሊን ብለው ይጠይቁ፣ መለያውን አንብበው ይውሰዱ። የተወጋ አሳማ ጠርሙሱ ላይ እስከተጻፈው የመታገሻ ቀን (መድኃኒቱ ከሥጋው እስኪወጣ የሚጠበቅበት ጊዜ) አይታረድም፤ የወጉት አይቨርሜክቲን ብዙ ጊዜ ከ18 እስከ 28 ቀን ይጠይቃል፤ እርስዎ ረዥሙን ይያዙ።

የታመሙትን ከሌሎቹ ለይተው ደረቅ የጤፍ ገለባ በወፍራሙ የተነጠፈበት ጥላ ያለው ቦታ ያስቀምጧቸው። ያበጠ እግር ሲሚንቶ ላይ አይተኛም፣ የጤነኞቹም ግፊያ አይመቸውም። ውኃው ዝቅ ባለ ገበታ አፉ አጠገብ ይሁን፤ 40 ኪሎ የሚመዝን አሳማ በቀን ከ3 እስከ 5 ሊትር ይጠጣልና ራሱ ተነሥቶ ካልጠጣ በየሦስትና አራት ሰዓቱ አፉ ላይ ያቅርቡለት። ስኳርና ጨው የተበጠበጠ ውኃ አያስፈልገውም፣ ንጹሕ ውኃ ይሻላል። ሁለት ቀን ሙሉ ያልበላና ያልተነሣ ከሆነ ስቃዩን ማሳጠር ከማዳን ሙከራ ይቀድማል፤ ሐኪሙ ያስወግደው።

የጨው ወሬው ስህተት ነው። የጨው መመረዝ አንጎልን የሚያጠቃ ነው፦ አሳማው ያለ ምክንያት ይዞራል፣ ግድግዳ ይገፋል፣ የማያይ ይመስላል፣ ይንቀጠቀጣል፤ ብዙ ጊዜም የሚመጣው ውኃ ሲቋረጥበት ነው። ሐምራዊ ነጠብጣብ አያወጣም። ምግብ ኩላሊትን የሚጎዳበት ሌላ እውነተኛ መንገድ ግን አለ። ክረምት ላይ ሳይደርቅ የተከማቸ በቆሎ የሚያበቅለው ሻጋታ ኦክራቶክሲን የሚባል መርዝ ይተዋል። ኩላሊቱን ያነጣል፣ አሳማው ብዙ ይጠጣል፣ ብዙ ይሸናል፣ እድገቱ ይጓተታል፤ ነገር ግን ቀስ ብሎ የሚመጣና ቆዳ ላይ የማይታይ ነው። ከቡሬና ከአካባቢው የሚመጣው በቆሎ በሐምሌና በነሐሴ እርጥበት ከነካው ፍሬውን ሰብረው ያሽትቱት፤ የሻገተውን ለአሳማ አትርፎ መስጠት ቁጠባ አይደለም። የኑግ ፋጉሎም ሲሻግት ተመሳሳይ ችግር አለበት።

ስለ ሆቴል ትርፍራፊ ጨውን ሳይሆን የአሳማ ሥጋን ይፍሩ። በሁዳዴ የሚመጣው ትርፍራፊ በአብዛኛው ሽሮና አትክልት ነው፤ ፍስክ ሲሆን ግን ለውጭ እንግዶች ምግብ ከሚያዘጋጁ ሆቴሎችና ካምፖች ሃምና ቋሊማ ተቀላቅሎ ሊመጣ ይችላል። ቫይረሱ በእንዲህ ያለ ሥጋ ውስጥ ለወራት ይቆያል። መተው ካልቻሉ በርሜል ላይ እያማሰሉ 1 ሰዓት ሙሉ አፍልተው ይስጡ፣ ሰዓቱም የሚቆጠረው ከፈላ በኋላ ነው። ጥሬው የሚመጣበት ባልዲና የተቀቀለው የሚቀርብበት ባልዲ አንድ ከሆነ ማፍላትዎ ከንቱ ነው።

የሞተውን በ2 ሜትር ጥልቀት ይቅበሩ፤ ላዩ ላይ ኖራ ነስንሰው አፈር ይመልሱ፣ ድንጋይና እሾህ ይጫኑበት፤ ጅብ በአንድ ሌሊት የሚያወጣው ጥልቀት ከሚገምቱት በላይ ነው። ከጉድጓድ ውኃና ከወንዝ ይራቅ፤ በክረምት የጉድጓዱ ወለል ውኃ ካወጣ ከፍ ወዳለ ቦታ ይቀይሩ። የቀብሩን ሥራ የሠራ ሰው በዕለቱ ሌላ አሳማ ያለበት ቤት አይግባ።

ጽዳቱ የራሱ ዘዴ አለው። ሰርኮ ቫይረስ ሽፋን የሌለው በመሆኑ ዴቶልን የመሰሉ የተለመዱ ማጽጃዎች አያጠፉትም። በመጀመሪያ አዛባው ይዛቅ፣ ወለሉ በሳሙና ውኃ ይታጠብና ይድረቅ፤ አዛባ ላይ የፈሰሰ በረኪና ኃይሉን አዛባው ላይ ይጨርሳል። ከዚያ 5 በመቶ የሆነ በረኪና 1 ሊትር ከ9 ሊትር ውኃ ጋር ቀላቅለው ይረጩና ቢያንስ ለ30 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ ይቆይ፣ ወይም 200 ግራም ኮስቲክ ሶዳ በ10 ሊትር ውኃ። ሶዳውን ወደ ውኃው ይጨምሩ እንጂ ውኃ በሶዳ ላይ አያፍስሱ፤ ይፈነዳል፣ ዓይን ያጠፋል። ጓንትና ቦቲ ያድርጉ፣ ሁለቱን ማጽጃዎች አያደባልቁ፣ አሳማ ሳይወጣ አይርጩ።

ክትባትን በተመለከተ፣ ለሰርኮ ቫይረስ 2 ክትባት አለ፤ በሌሎች አገሮች ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በስፋት ገብቶ የፒዲኤንኤስን መታየት በእጅጉ ቀንሷል። ወረዳው ለከብትና ለበግ ከሚያዞራቸው ክትባቶች ውስጥ ግን አይገኝም፤ ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ በብዛት ከሚያረቡ ጋር ተባብረው በእንስሳት መድኃኒት አስመጪ በኩል ማዘዝ ይኖርብዎታል። ግልገሉ 3 ሳምንት አካባቢ ሲሞላው ይሰጣል፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜም ይፈልጋል። አሁን ለታመሙት አይረዳም፤ በበሽታ መሐል ላሉት 21 ያልታመሙም ዛሬ ቢሰጥ አልመክርም። ለቀጣዩ ዙር ነው። እስከዚያው የሚረዳው ከተለያየ ቦታ የተገዙ ግልገሎችን በአንድ በረት አለመቀላቀል፣ አዲስ የመጣን ለ30 ቀን ለብቻ ማቆየት፣ ለአንድ ታዳጊ አሳማ 1 ካሬ ሜትር ገደማ ቦታ መስጠት፣ ግልገሎቹ በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ 12 ሰዓታት የእናታቸውን እንገር በደንብ መጥባታቸውን ማረጋገጥ ነው።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ነገ ጠዋት ሁሉንም ይለኩ፣ ለወረዳው እንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት በስልክ ሳይሆን በአካል ሄደው ሦስት ታመመ፣ አንድ ሞተ ብለው ያስመዝግቡ፣ ናሙና እንዲወሰድ ይጠይቁ። ወደ በረቱ አንድ ሰው ብቻ ይግባ፣ በዚያ ብቻ የሚያደርገው ቦቲ ይኑረው፣ በሩ ላይ የበረኪና ገበታ ይቀመጥ። የላቦራቶሪው መልስ የአሳማ ትኩሳት የለም ካለ፣ ቢያንስ ለ3 ሳምንት አዲስ ሞትና አዲስ ትኩሳት ካላዩ፣ የመድኃኒቱም የመታገሻ ቀን ካለፈ በኋላ ጤነኞቹን መሸጥ ይችላሉ። ነጠብጣብ ኖሮበት የዳነውን ግን ለሥጋ እንጂ ለርባታ አይሽጡት፤ ኩላሊቱ ምን ያህል እንደተረፈ በውጭ አይታወቅም።